እርሳሱ ሳይነካካ ወርቅ ሆነ የሚባለው እውነት ነው? ሳይጋጩስ መጋጨት እንዴት ይሆናል?

የማታ_ተማሪ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለቤቱ። «ሰርን እርሳስን ወደ ወርቅ ቀየረ» የሚለው ዜና (ሰርን ጄኔቫ አጠገብ ያለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ነው) በየቴሌግራሙ ሲዞር ሰንብቷል። ግማሹ ሰው ያሾፋል፣ ግማሹ ምንዛሪ ያሰላል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ዜናውን ከፍቼ ሳነበው እርሳሶቹ አልተጋጩም ይላል። ጎን ለጎን ተላለፉ፣ አልተነካኩም፣ ሆኖም ከአንዱ ሦስት ፕሮቶን ወጥቶ ወርቅ ሆነ። እዚያ ትልቁ ማሽን (ኤል ኤች ሲ) ውስጥ የሚሠራው ማጋጨት አልነበረም እንዴ? ሳይነካኩ ምን ዓይነት ግጭት ነው? ካልተጋጩስ በምን አዩት? ያለኝ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቀስ እያላችሁ።

ወርቅ_ሠሪ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡16

ስንት ግራም ወጣው? ፒያሳ ዋጋ ይወርድ እንደሆን ከወዲሁ ልዘጋጅ ብዬ ነው።

ባለ_ካልኩሌተር፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

@ወርቅ_ሠሪ ሱቅህን አትዝጋ ወንድሜ። ከ2015 እስከ 2018 (ዓመቱ በፈረንጅ ነው) በአራቱ ዋና ሙከራዎች የተፈጠረው ተደምሮ 86 ቢሊዮን ገደማ የወርቅ ኒውክሊየስ ነው። ሲመዘን 29 ፒኮግራም። ፒኮግራም የግራም አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። ያም ቢሆን ወርቅ ሆኖ የሚቆየው ከቅጽበት ላነሰ ጊዜ ነው፤ ወዲያው ከቱቦው ግድግዳ ወይም ከሌላ የማሽኑ አካል ጋር ተላትሞ ይበታተናል።

ደግሞም የመጀመሪያው አይደለም። ግሌን ሲቦርግና ባልደረቦቹ በ1980 በርክሌይ ላይ ከቢዝመት ወርቅ አውጥተዋል። ያኔም ማንም አልበለጸገም።

መምህር_ዘ11ኛ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

የማታ ተማሪ፣ ከዜናው ውስጥ ፍሬውን ያገኘኸው አንተ ነህ፤ ወርቁ ማስታወቂያ ነው።

እርሳስ 82 ፕሮቶን አለው። በ27 ኪሎ ሜትሩ ክብ ዋሻ ውስጥ ሲሮጥ ፍጥነቱ የብርሃንን 99.999993 በመቶ ይደርሳል። ኤሌክትሮኖቹ ስለተገፈፉ የ82ቱም ፕሮቶን ኤሌክትሪካዊ መስክ ራቁቱን ነው። በዚህ ፍጥነት ደግሞ መስኩ በየአቅጣጫው እኩል አይዘረጋም፤ ከፊትና ከኋላ ተጨምቆ ወደ ጎን ብቻ ይበረታል። ሌላ እርሳስ ባጠገቡ ካለፈ የሚደርስበት እጅግ አጭር፣ እጅግ ኃይለኛ ምት ነው። ኤንሪኮ ፌርሚ በ1924 ያስተዋለው ይህንን ነው፦ እንዲህ ያለውን ምት ከብርሃን ምት መለየት ስለማይቻል እንደ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) መቁጠር ይቻላል። ከ10 ዓመት በኋላ ቫይስዜከርና ዊልያምስ፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ስሌቱን ለፈጣን ቅንጣቶች አሟሉት።

በጠባብ መንገድ ሲኖትራክ ባጠገባችሁ ሲፈተለክ ሚኒባሱ እንዴት እንደሚወዛወዝ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ማንም ማንንም አልነካም፤ ከላይ በደንብ ያልታሰረ ዕቃ ካለ ግን ይወድቃል።

ጨረር_ጠባቂ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡22

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሲኖትራኩን እኔም ለተማሪዎች እጠቀምበታለሁ፣ ካልከለከሉኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የመኪናው ነፋስ ሁልጊዜ ይወዘውዛል፣ እዚህ ግን ነገሩ የዕድል ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለቱ እርሳሶች ምንም ሳይሆኑ ይተላለፋሉ። አንዳንዴ አንድ ፎቶን ይሻገራል፣ አንዳንዴ ከአንድ በላይ፣ አንዳንዴም ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ፎቶን ወጥቶ ፎቶኖቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ። እኔ አውሮፓ ውስጥ በሲሊከን ዲቴክተር (ቅንጣቶችን የሚያይ መሣሪያ) ላይ የዶክትሬት ሥራ የምሠራ ነኝ፤ የማንም ሙከራ ቃል አቀባይ አይደለሁም፤ የምጽፈው የታተመውን ነው።

መጠኑን ልንገራችሁ። የእርሳስ ኒውክሊየስ ሬዲየስ 7 ፌምቶሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ የሁለቱ መሐል ከ14 ፌምቶሜትር በላይ ከተራራቀ አልተነካኩም ማለት ነው። የፎቶኑ ብዛት ከቻርጁ ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ 82 በ82 ሲባዛ 6,724 ነው፤ አንድ እርሳስ ከአንድ ፕሮቶን የሚበልጠው በዚህን ያህል ነው። ሁለት ፎቶን ከሁለት ወገን እንዲመጣ ከፈለግን ደግሞ 82 በራሱ አራት ጊዜ ይባዛል፣ ወደ 45 ሚሊዮን። ሰዎች ለምን እርሳስ ያሯሩጣሉ ለሚል ግማሹ መልስ ይኸው ነው። የአንዱ ፎቶን ኃይል እስከ 80 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሊደርስ ይችላል።

ፎቶኑ ኒውክሊየሱን ሲመታው ፕሮቶኖቹ ባንድ ወገን፣ ኒውትሮኖቹ በሌላ ወገን ሆነው ይርገበገባሉ፤ ከዚያ ከመጠን ያለፈውን ኃይል የሚያራግፈው ቅንጣት በመጣል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ኒውትሮን ነው። ያኔ እርሳሱ እርሳስ ሆኖ ይቀራል፣ ቀለል ያለ እርሳስ። አንድ ፕሮቶን ከወደቀ ታሊየም፣ ሁለት ከወደቀ ሜርኩሪ፣ ሦስት ከወደቀ ወርቅ። ከአራቱ ሙከራዎች አንዱ የሆነው የአሊስ ቡድን የቆጠረው እንዲህ ነው፦ ከግጭቱ ቦታ በሁለቱም ወገን ከ110 ሜትር በላይ ርቀው የተቀመጡ ካሎሪሜትሮች (የቅንጣት ኃይል መለኪያዎች) አሉ፤ ማግኔቱ ጨረሩን፣ ማለትም የሚሮጡትን ቅንጣቶች ጅረት፣ ሲያጥፈው ቻርጅ የሌለው ኒውትሮን ቀጥ ብሎ ይሄድና አንደኛው ውስጥ ይገባል፣ ፕሮቶኑም ወደ ሌላኛው ይወድቃል። መሐሉ ላይ ያለው ትልቁ ዲቴክተር በዚያ ሰዓት ባዶ ነው።

የማታ_ተማሪ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

እህቴ ተባረኪ። እሺ፣ በፕሮቶንስ? እዚያ ሥራው ሁሉ መሰባበር ነው ወይስ ሳይሰበር የሚያልፍ አለ?

ጨረር_ጠባቂ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

አለ፣ እንዲያውም ብዙ ነው። ቶተም የሚባለው ሙከራ በ13 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት የለካውን ውሰዱ። ሁለት ፕሮቶኖች «የመገናኘታቸው» ስፋት (የመገናኘት ዕድላቸው በስፋት ሲለካ፣ መለኪያው ሚሊባርን ይባላል) በጠቅላላው 110.6 ሚሊባርን ነው። ከዚያ ውስጥ 31.0 ሚሊባርኑ ሁለቱም ፕሮቶኖች ምንም ሳይሆኑ፣ አቅጣጫ በጥቂቱ ብቻ ቀይረው የሚሄዱበት ነው። ከመቶ 28 ማለት ነው። የቀረው 79.5 ገደማ አዲስ ቅንጣት የሚፈጠርበት ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ቀላል የማይባለው ድርሻ አንደኛው ወይም ሁለቱም ፕሮቶኖች ሳይሰበሩ የሚያመልጡበት ነው። ዲፍራክሽን የሚባለው ይሄ ነው፤ የፎቶኑም መንገድ የሚጠናው በነዚያው መሣሪያዎች ስለሆነ ሁለቱ ጉዳዮች ሁልጊዜ አብረው ነው የሚነሱት።

ምክንያቱ ጠንካራው ኃይል ውስጥ ነው። ፕሮቶን ውስጥ ያሉት ኳርኮችና ግሉዎኖች «ቀለም» የሚባል ቻርጅ አላቸው። በተለመደው ግጭት ሁለቱ ፕሮቶኖች ቀለም ይለዋወጣሉ። ከተለዋወጡ በኋላ እንደተያያዙ ናቸው፤ ሲራራቁ በመካከላቸው ያለው መስክ እየተበጠሰ ቦታውን ሁሉ ፓዮን በሚባሉ ቅንጣቶችና በመሰሎቻቸው ይሞላዋል። በዲፍራክሽን ግን የሚሻገረው ነገር ቀለም የለውም፦ በትንሹ ሁለት ግሉዎን፣ አንዱ የሌላውን ቀለም አጥፍቶ። ይህ ልውውጥ በሶቭየቱ ሊቅ በኢሳክ ፖሜራንቹክ ስም ፖሜሮን ተብሏል። ቅንጣት ነው ብላችሁ ግን አትያዙት፤ ይዤ አሳያችኋለሁ የሚል ሰው ካለ አትመኑት። ቀለም ስላልተለዋወጡ የሚበጠስ መስክ የለም፣ ስለዚህ በፕሮቶኑና በተፈጠሩት ቅንጣቶች መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ ይቀራል። ፎቶንም ቀለም የለውም፤ እሱም ያንኑ ባዶ ቦታ ይተዋል። ሁለቱን ለመለየት ፕሮቶኑ ወደ ጎን ምን ያህል እንደተገፋ ማየት ይረዳል፦ ፎቶን የሰጠ ፕሮቶን በጣም ትንሽ ነው የሚገፋው፣ ፖሜሮን የሰጠው ይበልጣል።

ጠርጣሪው፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡58

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ «ባዶ ቦታ አየን» ብሎ ግኝት አለ እንዴ? ዲቴክተሩ ካልሠራም ባዶ ነው። ቅንጣቶቹ በዕድል እዚያ ጋ ባይሄዱም ባዶ ነው። በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ አውጥቶ ምንም አላየሁም ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

የስታትስቲክስ_ልጅ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

@ጠርጣሪው ጥርጣሬህ የአባት ነው፤ የመስኩም ሰዎች መጀመሪያ የጠየቁት እሱን ነው። መልሱ ግን በቁጥር ይገኛል። ባዶ ቦታው በዕድል የመጣ ከሆነ፣ ስፋቱ በጨመረ ቁጥር የሚገኝበት ዕድል በኤክስፖኔንሻል እየተቆረጠ ይወርዳል። ሰፊ ባዶ ቦታ ከሞላ ጎደል መጥፋት አለበት። ሃምቡርግ ላይ ከ1992 እስከ 2007 የሠራው ሄራ የሚባለው ማሽን ኤሌክትሮን (አንዳንዴም ፖዚትሮን) ከፕሮቶን ጋር ያጋጭ ነበር። ፕሮቶኑ በኃይል ተመትቶ ይበታተናል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከአሥር ክስተት በአንዱ ገደማ ፕሮቶኑ በሄደበት አቅጣጫ ምንም አልታየም። ዚዩስ የተባለው ሙከራ በ1993 አሳተመው፣ ኤች ዋንም ተከተለ። ከአሥር አንድ! ኤክስፖኔንሻሉ በዚያ ስፋት የሚተውልህ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ዲቴክተሩም ሞቶ እንዳይሆን በዚያው ሰዓት በሌሎቹ ክስተቶች ያው ክፍል ሲቆጥር ታየዋለህ።

ጨረር_ጠባቂ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡02

በዚያ ላይ በባዶ ቦታ ብቻ መተማመን ያበቃበት ሌላ ምክንያት አለ፤ እዚህ ላይ ልዘርጋው ምክንያቱም ሥራዬ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ ያልተሰበረውን ፕሮቶን ራሱን መያዝ ነው። ችግሩ ፕሮቶኑ ከጨረሩ ጋር በዚያው ቱቦ ውስጥ መሮጡ ነው፤ የተገፋው በጥቂት ማይክሮ ራዲያን ወይም ከዚያ በመጠኑ በላይ ብቻ ነው። ግጭቱ ቦታ ላይ ያለው ባለ ብዙ ፎቅ ዲቴክተር አያየውም፣ መሐሉ ቀዳዳ ነውና። ስለዚህ ፕሮቶኑ 200 ሜትር ያህል እስኪሄድ ይጠበቃል። በመንገዱ ላይ ያሉት የማሽኑ ማግኔቶች ያለ ተጨማሪ ወጪ ሥራ ይሠሩልናል፦ ከኃይሉ 3 በመቶ ያጣ ፕሮቶን ከሌሎቹ ይልቅ ይታጠፋል፣ እዚያ ሲደርስ ከጨረሩ መሐል በሚሊሜትሮች ርቆ ይገኛል። ርቀቱን ከለካህ የጠፋውን ኃይል ታውቃለህ።

ግን ሚሊሜትር! ጨረሩ ገና ሲገባና ኃይል ሲጨመርለት ሰፊና ተንቀጥቃጭ ስለሆነ እዚያ አጠገብ ምንም ነገር ማቆም አይቻልም። መፍትሔው ሮማን ፖት ነው፤ የሮም ቡድን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰርን ውስጥ አይ ኤስ አር በተባለው ማሽን ላይ የተጠቀመበት ዘዴ። ዲቴክተሩ ስስ የብረት መስኮት ባለው ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል፣ ዕቃው በሞተር ይንቀሳቀሳል። ጨረሩ እስኪረጋጋ ከዳር ይቆማል፤ መረጋጋቱ ሲታወጅ ቀስ እያለ እስከ ጥቂት ሚሊሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይጠጋል። ዲቴክተሩ ያለበት ክፍል ከጨረሩ ባዶ ቱቦ ጋር አይገናኝም። ፕሮቶኖች ኃይላቸው በጨመረ ቁጥር የመገናኛ ስፋታቸው እንደሚያድግ የታወቀውም በዚያው ማሽን በ1973 ነበር። ብዙ ሰው ያልጠበቀው ውጤት ነበር።

በትልቁ ማሽን ላይ ደግሞ ቶተምና አልፋ ዋና ሥራቸውን የሠሩት በልዩ ጨረር፣ ግጭቱ እንዲሳሳ ተደርጎ ነው። በተለመደው ወፍራም ጨረር የሚሠሩት ደግሞ ከሁለቱ ትልልቅ ሙከራዎች በሲ ኤም ኤስ ወገን ፒ ፒ ኤስ፣ በአትላስ ወገን 205 እና 217 ሜትር ላይ የቆመው ኤ ኤፍ ፒ ናቸው። ውስጣቸው የሲሊከን ፒክስል አለ፣ ኤሌክትሮዶቹ እንደ ወትሮው ከላይ ሳይነጠፉ ሲሊከኑን ዘልቀው የገቡ። የዚህ ጥቅሙ ዲቴክተሩ እስከ ጠርዙ ድረስ ማየቱና የራዲዬሽን ጉዳት መቋቋሙ ነው። ጉዳቱ ግን ወጥ አይደለም፦ ከጨረሩ አጠገብ ያለችው ጥቂት ሚሊሜትር ትቃጠላለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አዲስ እንደሆነ ይቀራል። የተጎዳውን ጥግ ለማዳን ቮልቴጅ ከፍ ስታደርግ ያልተጎዳውን ታስቸግራለህ። ከዚህ ጋር ስታገል ነው የምውለው።

የማታ_ተማሪ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡11

ይሄን ሁሉ ከኤክስሬይ ክፍል የባሰ ጨረር ባለበት ዋሻ ውስጥ ማን ገብቶ ያስተካክለዋል?

ጨረር_ጠባቂ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡14

ጨረሩ ሲሮጥ ማንም አይገባም። ማሽኑ እስኪቆምና የዋሻው ራዲዬሽን እስኪበርድ ይጠበቃል። አንድ ሽቦ ከላላ እንደላላ ይከርማል።

የስታትስቲክስ_ልጅ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡37

ለጠርጣሪው ወገን ልቁምና ሌላ ችግር ላንሳ፣ ከባዶ ቦታው ይልቅ የሚያስቸግረው ይሄኛው ነው። ፕሮቶኖቹ የሚገናኙት በነጠላ አይደለም፣ በየ25 ናኖሴኮንዱ ጭፍራ ለጭፍራ ነው። በአንድ መሻገር ውስጥ በ2018 በአማካይ ከ30 በላይ ግጭት ነበር፣ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ከ50 በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መሐሉ ላይ የሙዮን (ከባድ የኤሌክትሮን ዘመድ) ጥንድ ታያለህ፣ 200 ሜትር ላይም ፕሮቶን ታያለህ፣ ግን ከአንድ ግጭት ይሁኑ ከሁለት የተለያዩ አታውቅም። ባዶ ቦታውም ሌሎቹ 30ዎቹ ይሞሉብሃል።

እዚህ ላይ የሚያድነው ሒሳቡ ነው፣ በጣም ነው የምወደው። ሁለቱም ፕሮቶኖች ከየኃይላቸው 3 በመቶ አጥተዋል እንበል። በ13 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ግጭት ከሆነ የጠፋው ኃይል 390 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ክብደት ያለው ነገር መፍጠር ይችላል። አሁን መሐል ወዳለው ዲቴክተር ሂድና ሙዮኖቹን መዝን። 390 አካባቢ ከሆኑና ወደ የት እንደሚሄዱም ከፕሮቶኖቹ ጋር ከተስማማ፣ ይህ አጋጣሚ የመሆኑ ዕድል በጣም ይጠብባል። የሁለት መቶ ሜትሩ ሚዛንና የመሐሉ ሚዛን የማይተዋወቁ ሁለት መሣሪያዎች ናቸው። ሲ ኤም ኤስና ቶተም በ2018 ያሳተሙት እንዲህ ያለ ነው፣ ቢያንስ አንዱን ፕሮቶን ይዘው፦ 12 የሙዮን ጥንድ፣ 8 የኤሌክትሮን ጥንድ። 20 ክስተት ብቻ፣ ግን ከ5 ሲግማ በላይ (ሲግማ ውጤቱ ከአጋጣሚ ምን ያህል እንደራቀ መለኪያ ነው፤ «ግኝት» ለማለት 5 ይጠየቃል)። አትላስም በ2020 ተከተለ።

ሁለተኛው ዘዴ ሰዓት ነው። ሁለቱ ፕሮቶኖች በየወገናቸው የደረሱበትን ጊዜ ካወቅህ ልዩነቱ ግጭቱ የት ላይ እንደነበረ ይነግርሃል። ብርሃን በአንድ ፒኮሴኮንድ የሚሄደው 0.3 ሚሊሜትር ነው፤ እያንዳንዱን ፕሮቶን በ20 ፒኮሴኮንድ ትክክለኛነት ከለካህ የግጭቱን ቦታ በ4 ሚሊሜትር አካባቢ ታገኘዋለህ። ግጭቶቹ በበርካታ ሴንቲሜትር ላይ ስለሚዘረጉ ይጠቅማል። በወረቀት ላይ ደስ ይላል። ኤ ኤፍ ፒ በ2017 ያንን ትክክለኛነት በእርግጥ አግኝቶታል፤ ነገር ግን ሰዓቱ የሚይዘው ከሚያልፉት ፕሮቶኖች ጥቂት በመቶውን ብቻ ነበር።

ጠርጣሪው፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡03

20 ክስተት። እሺ፣ የሁለት ሚዛኑ ነገር አሳማኝ ነው። ግን ሙዮን ጥንድ ከፎቶን እንደሚወጣ አስቀድሞ ይታወቅ አልነበረም? ያልታወቀ ነገር ምን ተገኘ?

መምህር_ዘ11ኛ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ክፍል ከመግባቴ በፊት አንዱን ልመልስ። ብርሃን ብርሃንን ይገፋል ወይ? በማክስዌል እኩልታዎች አይገፋም፤ ሁለት ጨረር ተሻግሮ እንዳልተያየ ያልፋል፤ ለተማሪዎቼም እንዲሁ ነው የማስተምረው። ሃይዘንበርግና ኦይለር በ1936 ግን ኳንተም ውስጥ እንደሚገፋ በስሌት አሳዩ፦ ፎቶኖቹ ለቅጽበት ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ዑደት ገብተው በዚያ በኩል ይነካካሉ። ዕድሉ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ለ80 ዓመት በቀጥታ ያየው አልነበረም። እህታችን የጻፈችው 45 ሚሊዮን እዚህ ላይ ነው ጥቅሙ። አትላስ በ2015 የእርሳስ ጨረር ላይ ፈልጎ 13 ክስተት አገኘ፣ በ2017 አሳተመ። በእያንዳንዱ ክስተት ያ ግዙፍ ዲቴክተር ሙሉ በሙሉ ዝም ብሎ ሁለት ፎቶን ብቻ ጀርባ ለጀርባ ይታያል። እርሳሶቹ ሳይሰበሩ በቱቦው ቀጥለዋል።

ለተማሪ የሚነገር ፊዚክስ እንዲህ ያለው ነው። ደወለ፣ ልሂድ።

የስታትስቲክስ_ልጅ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡12

መምህር የተዉትን ልሙላ፣ ጠርጣሪው «13 ምን አላት» ከማለቱ በፊት። ከ13ቱ 2.6 ያህሉ ከሌላ ምንጭ እንደሚሆን ተገምቶ ነበር፤ ብርታቱ 4.4 ሲግማ፣ ማለትም «ማስረጃ» እንጂ «ግኝት» አልተባለም። ሲ ኤም ኤስም በ14 ክስተት ተመሳሳይ ደረጃ ላይ ደረሰ። በ2018 ብዙ እርሳስ ተሮጠና አትላስ 59 አገኘ፣ ከዚያ 12 ያህሉ የጀርባ ድምፅ (ከሌላ ምንጭ የመጣ) ነው ተብሎ፤ 8.2 ሲግማ። ያኔ በ2019 ግኝት ተባለ። ሥነ ሥርዓቱ ይኼ ነው።

ከባዱ ነገር መጠበቁ እንዳይመስላችሁ። የሁለቱ ፎቶን ኃይል በትልቁ ማሽን መለኪያ ኢምንት ነው፣ ጥቂት ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት። ዲቴክተሮቹ የተሠሩት ከዚያ በመቶ እጥፍ ለሚበልጥ ነገር ስለሆነ፣ የሚመርጠው ትሪገር ይህንን ቆሻሻ ብሎ እንዳይጥለው ልዩ ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ሆነው ዱካቸው ሳይታይ የቀሩ ጥንዶችም ፎቶን መስለው ይገባሉ።

ጠርጣሪው፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

ለ80 ዓመት የጠበቀ ስሌት ተረጋገጠ፤ ጥሩ። ግን ተረጋገጠ ማለት አዲስ ነገር የለም ማለት ነው፣ አይደለም?

ጨረር_ጠባቂ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡45

እስካሁን አዎ፤ የስታንዳርድ ሞዴሉን (የታወቁትን ቅንጣቶች የሚገልጸውን ንድፈ ሐሳብ) የጣሰ ነገር በዚህ መንገድ አልተገኘም፤ ከዚህ የተለየ የሚነግርህ ሰው እየሸጠልህ ነው። ግን ሁለት ቦታ ላይ ማንም በሌላ መንገድ ማየት ያልቻለው ነገር ይታያል።

አንደኛው፣ አክሲዮንን (በሐሳብ ብቻ ያለ፣ ገና ያልታየ ቅንጣት) የመሰለ ቅንጣት ካለና ከፎቶን ጋር ከተነካካ፣ በሁለቱ ፎቶኖች ክብደት ላይ ጉብታ ሆኖ መታየት አለበት። ከ5 እስከ 100 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ባለው ክልል ከጠንካሮቹ ገደቦች መካከል ከዚሁ ከእርሳስ ጨረር የወጡት ይገኙበታል።

ሁለተኛው ታው ነው፣ ከሙዮንም የከበደው የኤሌክትሮን ዘመድ። የኤሌክትሮንና የሙዮን ማግኔታዊ ባሕርይ በሚያስደንቅ ትክክለኛነት ይታወቃል፤ ሙዮንን በቀለበት ውስጥ እያዞሩ ይለኩታል። ታው ግን የሚኖረው 0.29 ፒኮሴኮንድ ብቻ ነው፤ በየትኛው ቀለበት ታዞረዋለህ? ፎቶን ከፎቶን ተገናኝቶ የታው ጥንድ ሲፈጥር ግን ባሕርይው በፍጥረቱ ውስጥ ይታያል። በእርሳስ ጨረር አትላስም ሲ ኤም ኤስም በ2022 አዩት። ሲ ኤም ኤስ በ2024 በፕሮቶን ጨረር ደግሞ አየውና፣ ከ2004 ጀምሮ የቆመውን የሌፕ (የቀድሞው የሰርን ማሽን) ውጤት ከአምስት እጥፍ በላይ አሻሻለው። ያውም ፕሮቶኖቹን ሳይዝ፣ የግጭቱ ነጥብ አካባቢ ያሉትን ዱካዎች ብቻ እየቆጠረ፤ 30 ግጭት በሚደራረብበት ጨረር ውስጥ ዙሪያዋ ዱካ የሌላትን ነጥብ እየፈለገ ማለት ነው። እኔ ይህንን ሥራ ከወርቁ ዜና አስበልጬ እደንቀዋለሁ፣ ቴሌግራም ላይ ግን ማንም አልላከልኝም።

ባለ_ካልኩሌተር፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡59

ኦደሮን ስለሚባለውስ? በ2021 «ተገኘ» ብለው ነበር።

ጨረር_ጠባቂ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

አጭሩ፦ ፖሜሮን በትንሹ ሁለት ግሉዎን ከሆነ ኦደሮን በትንሹ ሦስት ነው። ሉካሹክና ኒኮሌስኩ በ1973 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ካለ ፕሮቶን ከፕሮቶን ጋርና ፕሮቶን ከአንቲፕሮቶን ጋር ሲገናኙ በመጠኑ ይለያያሉ። ችግሩ ሁለቱን በአንድ ኃይል የሚያጋጭ ማሽን አለመኖሩ ነው። አንቲፕሮቶኑን ያጋጭ የነበረው ቺካጎ አጠገብ ያለው ቴቫትሮን በ2011 ተዘግቷል። ስለዚህ የቴቫትሮን ሙከራ የነበረው ዲ ዜሮ በ1.96 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት የለካው፣ ቶተም በ2.76፣ በ7፣ በ8 እና በ13 ከለካው ወደ ታች ተስቦ ከተገመተ መስመር ጋር ተነጻጸረ፤ ልዩነቱ 3.4 ሲግማ ሆነ። ቶተም ቀድሞ ከለካው ሌላ ውጤት ጋር ሲደመር ከ5 ያልፋል። ልዩነቱ እውነት ይመስለኛል። ግን መስመር መሳቡና መደመሩ ባለበት እኔ በግሌ «ተገኘ» ከሚለው ቃል ትንሽ ወደ ኋላ እላለሁ። መስኩ ውስጥም የሚከራከሩ አሉ።

ዓመት_3_ፊዚክስ፦ ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡08

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እህቴ፣ እኔ ኢትዮጵያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ከዚህ ሆኜ በእጄ ልነካው የምችለው ነገር አለ? ላብራቶሪ አትበይኝ ብቻ፣ ኮምፒውተር ግን አለኝ።

ጨረር_ጠባቂ፦ ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡33

አለ። ሰርን የመረጃ ክፍት መድረክ አለው፣ ከ2014 ጀምሮ፤ ክፍያ የለውም። ሲ ኤም ኤስ የ2016ቱን የ13 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት የፕሮቶን መረጃ እዚያ ላይ አስቀምጧል። ናኖ ኤ ኦ ዲ የሚባለው ቅርጽ ትንሽ ስለሆነ በፓይተን ብቻ ይነበባል፣ በላፕቶፕ ይሠራል። ኢንተርኔቱ ከተቸገርክ ሙሉውን አታውርድ፤ አንድ ፋይል ብቻ ይበቃሃል።

ሁለት ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸውን ሙዮኖች ምረጥ። በመካከላቸው ያለው አንግል ከ180 ዲግሪ ምን ያህል እንደራቀ ሥራ። ከፎቶን የመጡት በጣም ጀርባ ለጀርባ ስለሆኑ ዜሮ አጠገብ ይከማቻሉ፤ ከተለመደው ግጭት የመጡት ይበተናሉ። የዜድ ቦዞን (ወደ ሙዮን ጥንድም የሚፈርስ ቅንጣት) ጉብታ 91 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ስላለ እሱን ቆርጠህ ጣለው፣ አለበለዚያ ሁሉን ይውጥብሃል። በናኖው ላይ እዚህ ድረስ ነው የምትደርሰው። በሙዮኖቹ ነጥብ ላይ ሌላ ዱካ አለመኖሩን ለማየት ግን ሁሉም ዱካዎች ያስፈልጉሃል፣ ናኖው ደግሞ እነሱን አይዝም። ለዚያ ሚኒ ኤ ኦ ዲ ነው፤ ከባድ ነው፣ የሲ ኤም ኤስን ሶፍትዌር በኮንቴይነር መጫን ይጠይቃል፤ ግን ይቻላል።

ሌላው፣ የሰርን የክረምት ተማሪዎች ፕሮግራም አባል ላልሆኑ አገሮችም የራሱ በር አለው። ከ2010 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ገደማ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የሚካሄድ የአፍሪካ የፊዚክስ ትምህርት ቤትም አለ። ለሁለቱም የፈተና ውጤት ብቻ አትላክ፤ ይህን የሙዮን ግራፍ ሠርተህ አብረህ ላክ።

ዓመት_3_ፊዚክስ፦ ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡41

ከዜዱ ውጭ ምን ያህል ክልል ልቁረጥ?

የስታትስቲክስ_ልጅ፦ ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡50

ለመጀመሪያ ከ70 እስከ 110 ያለውን አውጣ፣ ከ110 በላይ ያለውን ብቻ እይ። ሁለቱን ግራፍ፣ የአንግሉንና የክብደቱን፣ እዚሁ ክር ላይ ለጥፈው፤ ጀርባ ድምፁን አብረን እንገምታለን። ጠርጣሪው መጀመሪያ ይፈትሸው።

ጠርጣሪው፦ ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡04

ኮዱንም ለጥፍ እንጂ ግራፉን ብቻ አልቀበልም።